ዳኮታን በኤ4 ወረቀት፦ ትልቅ ፕላን ቤት ውስጥ የማተም የሥራ ማስታወሻ፣ ከጅማ

ሐምሌ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ሥራው ይሄ ነው። የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ልጆች የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠል የዳኮታ አውሮፕላን ሞዴል ሊሠሩ ተነስተዋል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ45 ይሆናል። ፕላኑ በፒዲኤፍ እጃችን ላይ አለ። ትልቅ ማተሚያ ግን የለንም። ያለችን እኔ ቤት የተቀመጠች ጥቁርና ነጭ የኤ4 ሌዘር ፕሪንተር ናት። በእሷ እናትመዋለን። የሠራሁትን እየጻፍኩ እሄዳለሁ፤ ሌላ ክበብ ቢሞክረው ከዜሮ እንዳይጀምር።

አውሮፕላኑን የመረጡት ልጆቹ ናቸው። ምርጫቸው ደስ ብሎኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚህ አውሮፕላን ነው፤ በወታደራዊ ስሙ ሲ-47 በሚባለው። ብዙም ሳይቆይ ከተጀመሩት የአገር ውስጥ መስመሮች አንዱ ደግሞ ጅማ ነበር። ዛሬ አባ ጅፋር ኤርፖርት የሚያርፈውን ኪው400 አውሮፕላን እያዩ ያደጉ ልጆች የከተማቸውን የጥንት እንግዳ በእጃቸው ሊሠሩት ነው። ከዚህ የተሻለ የክረምት ሥራ አላውቅም።

አሁን ወደ ልኩ። እውነተኛው ዳኮታ ክንፉ 29 ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱ ከ19 ሜትር ተኩል ትንሽ ያልፋል። በ1 ለ20 ሲቀነስ ክንፉ 145 ሴንቲ፣ አካሉ 98 ሴንቲ ይሆናል። እጃችን ያለው ፕላን የተሣለው ግን በ1 ለ24 ነው። ስለዚህ ማሳደግ አለብን። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 24 ሲካፈል ለ20፣ 1.2 ይመጣል። በመቶኛ 120።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልብ በሉ። ፕላን ሲያድግ እንጨት አያድግም። በፕላኑ ላይ ለ3 ሚሊ ሜትር እንጨት የተሣለ ሰርጥ 120 በመቶ ሲደረግ 3.6 ይሆናል። ሱቅ የምንገዛው ኮምፔንሳቶ ግን ያው 3 ሚሊ ነው። በዚያ ሰርጥ ውስጥ ይዋልላል። ስለዚህ የክንፉ ጎድኖች (የክንፉን ቅርጽ የሚይዙት ስስ እንጨቶች) ላይ ያሉትን ሰርጦች በሙሉ እንደገና በ3 ሚሊ መሣል አለብኝ። ይሄ ከማተም በፊት ካልተሠራ በኋላ በማጣበቂያ አይሸፈንም።

እሑድ

ፋይሉን ገላልጬ አየሁት። የክንፉ ገጽ በኮምፒውተር የተሣለ ነው፤ የቱንም ያህል ቢያቀርቡት መስመሩ ጥርት እንዳለ ይቀራል። የአካሉ ገጽ ግን ከአሮጌ ወረቀት የተነሳ ስካን ነው። ሲያቀርቡት ጠርዙ ይሸራረፋል። ይባስ ብሎ ወረቀቱ በዕድሜ ስለወየበ ነጩ ቦታ ሁሉ ግራጫ ሆኖ ገብቷል። እንዳለ ቢታተም ያ ግራጫ ቶነሩን፣ ማለትም የፕሪንተሯን የቀለም ዱቄት፣ ይጨርሰዋል፤ መስመሩም አይለይም።

ጊምፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አጸዳሁት። «ሌቭልስ» የሚለው ውስጥ የነጩን ጠቋሚ ወደ ግራ፣ የጥቁሩን ወደ ቀኝ መሳብ ነው። ግራጫው ይጠፋል፣ መስመሩ ይጠቁራል። ሌላ ምንም አልነካሁም። አንዳንድ ሰው መስመሩን በሙሉ በላዩ ላይ እንደገና ይሥላል። ጊዜ ላለው ጥሩ ነው። ለእኛ ሥራ ግን አያስፈልግም፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የተነሳ ስካን 120 በመቶ ሲያድግ ከወረደ ወደ 250 ነው፤ ከተር የሚከተለው መስመር ለመሥራት ይበቃል።

ቀጥሎ ስካኑ ራሱ ያልተዛባ መሆኑን አረጋገጥኩ። ፕላኑ ላይ የተሣለች የመለኪያ መስመር አለች። እሷን በቁመትም በወርድም ከተጻፉት ልኮች ጋር አስተያየሁ። ተስማሙ። ባይስማሙ ኖሮ ሥራው እዚያው ላይ ነበር የሚቆመው፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄ ሁሉ ውኃ ይበላዋል።

ከሰዓት በኋላ ገጽ ቆጠርኩ። ብር የሚቆጠበው እዚህ ላይ ነው። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ነው። ፕሪንተሬ ግን እስከ ጠርዝ አታትምም፤ በየጎኑ 5 ሚሊ ገደማ ባዶ ትተዋለች። ገጾቹ ሲገጣጠሙ ደግሞ 10 ሚሊ መደራረብ አለባቸው። ስለዚህ አንድ ወረቀት አዲስ ቦታ የሚሸፍነው 190 በ277 ብቻ ነው። በወረቀት ደረጃ አንድ ኤ0 ማለት 16 ኤ4 ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን በዚህ ስሌት 841 በ1189 ሚሊ የሆነው ኤ0 5 በ5፣ ማለትም 25 ወረቀት ይፈጃል።

የአካሉ ገጽ ካደገ በኋላ ኤ0 ያክላል። ከዚያ ውስጥ ግን እኛ የምንፈልገው 98 ሴንቲ የሚረዝመውን የጎን ሥዕል ብቻ ነው። ርዕሱ፣ የእንጨት ዝርዝሩ፣ የሠዓሊው ማስታወሻ፣ ሰፊው ህዳግ፣ ይሄ ሁሉ ስክሪን ላይ ይነበባል። ሥዕሉን ብቻ ቆርጬ ሳስቀረው 4 በ2፣ 8 ወረቀት ሆነ። ከ25 ወደ 8።

ክንፉም እንዲሁ። ግማሹ 72 ሴንቲ ተኩል ነው፤ 3 በ2፣ 6 ወረቀት።

ሰኞ ማታ

ዛሬ ፕላኑን አልነካሁም። የሞከርኩት ፕሪንተሯን ነው።

አንድ ገጽ ላይ በቁመት 250 ሚሊ፣ በወርድ 180 ሚሊ መስመር ሠርቼ አተምኩ። የማተሚያው ሳጥን ላይ «አክቹዋል ሳይዝ» (በትክክለኛው ልክ) የሚለውን መምረጥ ግድ ነው። «ፊት» (ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን) የሚለው ላይ ከተተወ ሥዕሉን ወረቀቱ ውስጥ ለማስገባት ሳይናገር ያሳንሰዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተምነው የድልድይ ሞዴል እንዲህ ሆኖ ነበር የወጣው፤ 97 በመቶ። በዓይን አይታወቅም። በ72 ሴንቲ ተኩል ክንፍ ላይ ግን 97 በመቶ ማለት ከ2 ሴንቲ በላይ መጉደል ነው። አንዱ ክፍል በዚህ፣ ሌላው በትክክለኛው ልክ ከታተመ ክንፉና አካሉ አይገናኙም።

ወረቀቱ ትኩስ እንደወጣ አልለካሁትም። ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን በሙቀት ነው የሚያቀልጠው። ወረቀቱ በዚያ ሙቀት እርጥበቱን ያጣና ትንሽ ይኮማተራል። ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ የክፍሉን አየር ሲለምድ ይመለሳል። እራት በላሁና በብረት ማስመሪያ ለካሁ። በወርድ 180፣ ልክ። በቁመት 249።

1 ሚሊ ነች። ግን ወረቀቱ ወደ ፕሪንተሯ የሚገባበት አቅጣጫ ላይ ነች፤ እኛ ደግሞ የወረቀቱን ቁመት በአካሉ ርዝመት በኩል ነው ያደረግነው። በየገጹ እየተጠራቀመች 98 ሴንቲ ላይ 4 ሚሊ ትሆናለች። መፍትሔው 250ን ለ249 ማካፈል ነው፤ 100.4 በመቶ። ይሄን ማስተካከያ በሁለቱም አቅጣጫ ማድረግ አይገባም፤ ወርዱ ልክ ነውና። ነገ ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ የርዝመቱን አቅጣጫ ብቻ እስበዋለሁ።

ሁሉም ገጽ በዚህችው ፕሪንተር፣ ከአንዱ ደስታ በወጣ ወረቀት፣ በአንድ አቅጣጫ እየገባ መታተም አለበት። ሌላ ማሽን የራሱ ልክ አለው።

ማክሰኞ

ከሥራው ሁሉ ይበልጥ የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ፕላኑ ከመቆራረጡ በፊት የራሱን ሜትር በላዩ ላይ እንዲሸከም አደረግኩት።

ኢንክስኬፕ ላይ በሥዕሉ ላይ ሁሉ በየ100 ሚሊው ቀጭን መስመር ዘረጋሁ፤ በአግድምም በቁልቁልም። ከዚያ ሥዕሉንና መስመሮቹን አንድ ላይ በርዝመታቸው ወደ 100.4 በመቶ ሳብኳቸው። እያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ስም ጻፍኩ፤ ሀ1፣ ሀ2፣ ለ1፣ ለ2 እያልኩ። አሁን የትኛውም ወረቀት ቢነሳ ከየት እንደመጣ ይናገራል። የትኛውም ካሬ ቢለካ 10 ሴንቲ መሆን አለበት። ካልሆነ ያ ገጽ ዋሽቷል፤ ተመልሶ ይታተማል። የወረቀት ጠርዝ አይታመንም፤ ፕሪንተሩ ወረቀቱን አንዴ ትንሽ ግራ፣ አንዴ ትንሽ ቀኝ ይስበዋል። መስመሩ ግን ከሥዕሉ ጋር አብሮ ነው የሚሄደው። ሥዕሉ ከዞረ እሱም ይዞራል፣ ሥዕሉ ካነሰ እሱም ያንሳል።

ከዚህ ሌላ የመገናኛ መስመር አስገባሁ። ገጾቹ በሚደራረቡበት 10 ሚሊ መሀል ለመሀል የምታልፍ አንዲት ቀጭን መስመር ናት። ልኳ ከላይ ካለው ስሌት ይወጣል። የፕላኑን ገጽ 1128 በ400 ሚሊ አደረግኩት፤ በ20 ሚሊ መደራረብ ሲከፋፈል ያለ ትርፍ 4 በ2 ኤ4 ይሆናል። ከ20ው ውስጥ 10ሩን የፕሪንተሯ ባዶ ጠርዝ ይበላዋል፤ 10ሩ ይቀራል። ስለዚህ መገናኛዎቹ በርዝመት 287፣ 564 እና 841 ላይ፣ በቁመት ደግሞ 200 ላይ ይውላሉ። ያችው መስመር በሁለቱም ጎረቤት ገጾች ላይ ትታተማለች። ሲገጣጠም አንዷ በሌላዋ ላይ ከተኛች አለቀ።

መከፋፈሉን የሠራሁት በአዶቢ ሪደር ነው። የማተሚያው ሳጥን ውስጥ «ፖስተር» የሚል አለ። ልኩን 100፣ መደራረቡን 20 ሚሊ ማድረግ ነው። በቀጥታ ወደ ፕሪንተሯ አልላክሁትም። መጀመሪያ ወደ ፒዲኤፍ አተምኩት። እንዲያ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ገጽ ይሆናል። ቅድመ እይታው 4 በ2 ማሳየቱን አይቶ መቀጠል ነው። ለስካን ሥዕል ብቻ የሚሠራ ሰው ፖስተሬዘር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ቢጠቀም ይቀለዋል፤ ደረጃ በደረጃ ራሱ እየጠየቀ ይወስዳል።

ወደ ፒዲኤፍ ማተሙ ማታ ላይ ጠቀመኝ። ማተም ጀምሬ ሦስተኛው ገጽ ላይ መብራት ሄደ። ሲመለስ ከሦስተኛው ቀጠልኩ። በቀጥታ በፖስተር ተልኮ ቢሆን ሁሉም ከመጀመሪያው ነበር።

ሐሙስ

ዝናቡ አያባራም። የታተሙት ገጾች ጠርዛቸው ሞገድ ሠርቷል። ካሬዎቹን ለካሁ፤ በርዝመት ልክ ናቸው፣ በወርድ ግን በ20 ሴንቲ ላይ ግማሽ ሚሊ ገደማ ጨምረዋል።

ሂርማታ ገበያ አጠገብ በርጩማ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አናጺ አሉ። የዋንዛ ቁራጭ ልጠይቃቸው ሄጄ ነገሩን አነሳሁላቸው። ከዋንዛ ግንድ የሚፈለፈለውን የጅማን ባለሦስት እግር በርጩማ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩ ሰው ናቸው።

«ወረቀት ከምንድን ነው የሚሠራው?» አሉኝ።

«ከእንጨት ነው ጋሼ።»

«እና ምን ይገርምሃል ልጄ? እንጨት ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይከሳል። በቁመቱ እሺ አይልህም። በወርዱ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ወረቀትም ክር አለው። በፋብሪካ ሲሠራ ክሮቹ ባብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። እርጥበት ሲያገኝ ከክሩ ጋር በሚሄደው በኩል እምብዛም አይለጠጥም፤ ክሩን በሚያቋርጠው በኩል ይለጠጣል። የወረቀቱን ክር ለማወቅ አንዱን ወረቀት በሁለቱም አቅጣጫ መቅደድ ነው። በክሩ በኩል ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፤ በማቋረጫው በኩል ይንሻፈፋል። የእኛ ወረቀት ክሩ በቁመቱ ነው። ለዚህ ነው የአካሉ ርዝመት ልክ ሆኖ ከፍታው የጨመረው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ደነገግኩ። ደስታው ከተከፈተ በኋላ የቀረው ወረቀት በፌስታል ታስሮ ይቀመጣል። የታተመው ደግሞ በታተመበት ቀን ይገጣጠማል፣ በዚያው ቀን ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ወረቀቱ ከጠንካራ ነገር ጋር ከተጣበቀ በኋላ እንደ ልቡ አይለጠጥም። የማክሰኞዎቹን ለልጆቹ መለማመጃ አደረግኳቸውና አዲስ አተምኩ። ኪሳራው 8 ወረቀት ነው። የፕሎተር (የትልቁ ማተሚያ) ወረቀት ቢሆን ኖሮ ሙሉውን ኤ0 ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መግጠም

ልጆቹ መጡ። ትምህርት ዝግ ነው፤ ዝናቡን ተቋቁመው መጡ። ጠረጴዛው ላይ የመስኮት መስታወት አጋደምን፤ ከሥሩ የስልክ መብራት አስቀመጥን። መስመር በመስመር ላይ ሲያርፍ ከላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ሁለት ጎረቤት ገጾች የአንዱ ጠርዝ ብቻ ይቆረጣል። ያውም በመገናኛ መስመሯ ላይ፣ በብረት ማስመሪያና በከተር። በመቀስ አይሆንም፤ መቀስ ወረቀቱን እያነሳ ስለሚቆርጥ መስመሩ ይወላገዳል። ያልተቆረጠው ገጽ ሥር ሆኖ የተቆረጠው በላዩ ይተኛል። የላይኛው ጠርዝ የታችኛው ገጽ መገናኛ መስመር ላይ ሲያርፍ፣ አግድም ካሬ መስመሮቹም ሳይሰበሩ ሲያልፉ፣ ገጠመ ማለት ነው።

ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢገጥምስ? እዚህ ላይ አንዷ ልጅ ጥሩ ጥያቄ አነሳች። «ቲቸር፣ መገናኛው ልክ ሆኖ ካሬው ግማሽ ሚሊ ቢስት የቱን እንመን?» አለችኝ። መልሱ፣ ስህተቱን ከሥዕሉ ራቅ ወዳለው ጥግ መግፋት ነው። የአውሮፕላኑ ወገብ የሚያልፍበት ቦታ ላይ መስመሩ ይጋጠም፤ ባዶው ጥግ ግማሽ ሚሊ ቢከፈት ማንንም አይጎዳም። የገጹን አራት ማዕዘን ሁሉ እኩል ለማስደሰት መሞከር ሥዕሉን መሀሉ ላይ ይሰብረዋል።

ማጣበቂያው በቱቦ የሚሽከረከረው ደረቁ ዓይነት ይሁን። ነጩ የእንጨት ኮላ ውኃ አለበት፤ ወረቀቱን ያሳብጠዋል። ከዚያ በጀርባው ግልጽ ፕላስተር። ከፊት በኩል ፕላስተር አይደረግም፤ እርሳስ አይጽፍበትም።

መጀመሪያ አራቱን የላይኛውን ረድፍ፣ ቀጥሎ አራቱን የታችኛውን፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱን ረድፎች። አንድ በአንድ እየዞሩ ከገጠሙ ጥቃቅኗ ስህተት ሁሉ የመጨረሻው ገጽ ላይ ትከማቻለች። በረድፍ ሲሆን እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻው መፈተሽ ይቻላል።

ፈተሽነውም። ክር ነው የተጠቀምነው። አካሉ ላይ ከአፍንጫ እስከ ጅራት የሚሄድ የመነሻ መስመር አለ፤ ሁሉም ልክ ከእሱ ነው የሚነሳው። ሁለቱ ጫፎቹ ላይ መርፌ ተክለን ነጭ የስፌት ክር ወጠርን። ፊታችንን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አድርገን አየን። ክሩ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፍኖታል፤ ሦስተኛው መገናኛ ላይ ብቻ ጥቁሩ በአንድ በኩል እንደ ፀጉር ቀጥኖ ብቅ አለ። ሜትር ዘረጋን። አሥር ካሬ፣ 1 ሜትር መሆን ያለበት፣ 1 ሜትር ከግማሽ ሚሊ። ልጆቹ ጮኹ። እኔም ጮኽኩ።

ቅዳሜ

ክንፉ ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። ፕላኑ የተሣለው ለግራ ክንፍ ብቻ ነው። የድሮ ሠሪዎች ወረቀቱን ዘይት ቀብተው ብርሃን ሲያሳልፍ ገልብጠው ቀኙን ይሠሩበታል። ይሠራል። ዘይት የነካው ወረቀት ግን ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም፤ እንጨቱንም ከነካ ኮላ አይዝም። ኢንክስኬፕ ላይ መገልበጥ አንድ ጠቅታ ነው። ተጨማሪ 6 ወረቀት ይሄዳል፤ ይሂድ። መገናኛ መስመሮቹንና ማስተካከያውን እዚያው ይዞ ይገለበጣል። ስሞቹን ብቻ መልሼ ጻፍኩ፤ የተገለበጠ ፊደል ማንንም አይረዳም።

ደግሞ ዳኮታ ላይ ግራና ቀኙ በትክክል መመሳሰላቸው ጎልቶ ነው የሚታየው። የመሀል ክንፉ ቀጥ ያለ ነው። ከሞተሮቹ ወዲያ ያለው የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ የኋላው ጠርዝ ግን ቀጥ እንዳለ ይቀራል። አንዱ ጎን በ3 ሚሊ ቢያጥር ከታች አንጋጦ የሚያይ ሰው ያውቀዋል። አንጋጠው የሚያዩት ደግሞ ጣሪያ ላይ ስለሚሰቀል ነው።

ከሰዓት በኋላ ጎድኖቹን አተምኩ። የዳኮታ ክንፍ ሥሩ ላይ ናካ 2215፣ ጫፉ ላይ ናካ 2206 የሚባል ቅርጽ አለው፤ ናካ ለክንፍ ቅርጾች ቁጥር ያወጣው የአሜሪካ የበረራ ምርምር ተቋም ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ውፍረቱን ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ ይናገራሉ። ሥሩ 15 በመቶ፣ ጫፉ 6። እኛ ሞዴል ላይ የሥሩ ጎድን 216 ሚሊ ስፋት፣ 32 ሚሊ ውፍረት አለው። ልጆቹ ቁጥሩን ሰምተው ወዲያው በማስመሪያ አረጋገጡት። ከመማሪያ መጽሐፍ ላይ የመቶኛ ስሌት እንዲህ በደስታ ሲሠሩ አይቼ አላውቅም።

ጎድኖቹን ወረቀት ለጥፎ መቁረጥ አያስፈልግም። ሌዘር ፕሪንተር እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። የታተመውን ወረቀት ፊቱን ወደ ኮምፔንሳቶው ደፍቶ ትኩስ ካውያ መጫን ነው፤ ያለ እንፋሎት። ቶነሩ ይቀልጥና እንጨቱ ላይ ይቀራል። ካውያውን መግፋት አይገባም፤ ማንሳትና መልሶ ማስቀመጥ ነው። ሲገፋ ወረቀቱ ይንሸራተትና መስመሩ ሁለት ይሆናል። አንዱን ጠርዝ በፕላስተር ይዞ ቀስ ብሎ ገለጥ እያደረጉ ማየት ጥሩ ነው። ያልያዘ ቦታ ካለ እዚያው መልሶ ይደፋል።

መስመሩ ተገልብጦ ነው የሚያርፈው። ለጎድን ግን ምንም አይደለም፤ ጠፍጣፋ እንጨት ስለሆነ አዙሮ መትከል ይቻላል። ቁጥሮቹ እንዲነበቡ ብቻ ገልብጬ አተምኳቸው። በቀለም የሚረጭ ፕሪንተር ያለው ሰው ይሄን ዘዴ አይሞክር፤ ቀለሙ በሙቀት አይቀልጥም። እሱ በደረቅ ማጣበቂያ ይለጥፍ።

እሑድ ማታ፣ ሒሳብ

የአካሉ 8፣ ሁለቱ ክንፎች 12፣ ጎድኖቹ 4፣ ጅራቱ 2። የሙከራው ገጽና ዝናብ ያበላሸው ሲጨመር ከ40 ወረቀት አይበልጥም። አንድ ደስታ 500 ነው። ቶነሯ አልተቀየረችም፤ ግራጫውን ማጽዳቱና የተሞሉ ጥቁር ቦታዎችን ባዶ ማድረጉ ነው ያተረፈን። ፕሮግራሞቹ ሁሉ ነፃ ናቸው።

የሕንፃ ፕላን የሚያትም ቢሮ ጋ ሄዶ በአንዴ ማሳተም አይቻልም ወይ የሚል ይኖራል። ይቻላል። ግን የሞዴል ፕላን ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ኮላ ይንጠባጠብበታል፣ ከተር ያልፍበታል፣ ልጅ ሻይ ይደፋበታል። አንድ ቦታ በተበላሸ ቁጥር ሙሉ ኤ0 ማሳተም ለክበብ አቅም አይሆንም። እኛ ሐ2 ከተበላሸ ሐ2 ያለበትን ገጽ አውጥተን በመገናኛው ላይ እንተካዋለን። የመጨረሻው ፒዲኤፍ ከነማስተካከያው ፍላሽ ላይ አለ። ማስተካከያው ለእኔ ፕሪንተር ብቻ ስለሆነ ያልተሳበውንም ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ሌላ ሰው ሲወስድ ያልተሳበውን ይውሰድና የራሱን 250 ሚሊ መስመር አትሞ ይለካ።

ልጆቹ ከአሁኑ የሚቀጥለውን መርጠዋል፤ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ለእሱ ፕላን የለንም። በሜትር ለክተን ራሳችን ነው የምንሥለው። መጀመሪያ ግን ማክሰኞ የዳኮታውን የአካል ፕላን ይዘን ሰሌዳ ላይ የመጀመሪያዎቹን የዋንዛ ዘንጎች እንቸነክራለን።